ከቦርዱ ጠረጴዛ እስከ እድሩ ድንኳን
የከተማ ሠራተኞች ክርክርና የጽኑ ሕመምተኞች እንክብካቤ ታሪክ ከደቡብ ምዕራብ የቡና አገር ሲታይ

መግቢያ

ከጅማ ተነሥቶ በቦንጋ በኩል ወደ ሚዛን ተፈሪ፣ ከዚያም ወደ ቴፒ የሚዘልቀው መንገድ በኢትዮጵያ ውስጥ ዝናብ እጅግ ከሚበዛባቸው አካባቢዎች አንዱን ያቋርጣል። ቡና ዘሪ ሳይኖረው በዛፍ ጥላ ሥር በቅሎ የሚገኝበት ደን እዚሁ ነው። የካፋ ደን በ2002 ዓ.ም.፣ የሸካ ደን ደግሞ በ2004 ዓ.ም. በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዘንድ በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መመዝገባቸው ይታወሳል።

ዝናቡ ለቡናው በረከት ሲሆን ለከተሞቹ ግን ማቆሚያ የሌለው ሥራ ነው። ቦይ ይደፈናል፤ የውኃ ቧንቧ ይታጠባል፤ መንገድ ይሸረሸራል። በእንዲህ ያለ ከተማ በአንድ የጎርፍ ማፋሰሻ ቦይ ዙሪያ ሦስት ሰዎች ጎን ለጎን ሲሠሩ ሊገኙ ይችላሉ። አንደኛው የማዘጋጃ ቤቱ ቋሚ ሠራተኛ ነው። ሁለተኛው የውኃ አገልግሎት ድርጅቱ ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ሦስተኛው ደረቅ ቆሻሻ ለመሰብሰብና ለማጽዳት የተደራጀ ማኅበር አባል ነው። አካፋቸውና የሚያርሳቸው ዝናብ አንድ ዓይነት ቢሆንም የሚተዳደሩበት ሕግ የተለያየ ነው።

እንግዲህ ከሦስቱ አንዱ ፈውስ በማይገኝለት ሕመም ቢያዝ ጉዳዩ ወዴት ያመራል? ደመወዙን የሚመለከተው ክርክር በአንድ በኩል፣ ሥቃዩን የሚመለከተው እንክብካቤ በሌላ በኩል ይሄዳል። ሁለቱ ጉዳዮች በሕግ መጻሕፍትም ሆነ በሕክምና መጻሕፍት ተለያይተው ይጻፋሉ። በሕመምተኛው ቤት ግን አንድ ናቸው። የሁለቱን ታሪክ ጎን ለጎን አስቀምጦ መመልከት፣ በየከተማው ሠራተኛን ለሚያሠማሩ መሐንዲሶች ጠቃሚ ስለሆነ ጉዳዩ ከዚህ በታች በዝርዝር ቀርቧል።

ከገባርነት ወደ ደመወዝተኛነት

በደቡብ ምዕራብ የጉልበት ታሪክ የሚጀምረው ከደመወዝ አይደለም። የካፋ መንግሥት በ1889 ዓ.ም. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ በተመራው የዳግማዊ ምኒልክ ጦር ከተሸነፈ በኋላ፣ በካፋ፣ በጊሚራና በማጂ የገባርነት ሥርዓት ተዘረጋ፤ የባሪያ ንግድም አገሩን አራቆተ። ሰውየው የሚሠራው ተስማምቶ ሳይሆን ተቆጥሮ ስለተሰጠ ነበር። ባርነትን ለማስቀረት በ1916 እና በ1923 ዓ.ም. ሕጎች ቢወጡም፣ ፍጹም መከልከሉ የታወጀው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ በዚህ አገር «አሠሪና ሠራተኛ» የሚለው አነጋገር ከአንድ ሰው ዕድሜ ብዙም የማይበልጥ ታሪክ አለው።

ቀጥሎ የመጣው የቡና እርሻ ነው። ለለቀማ ከከምባታ፣ ከሀዲያና ከወላይታ ሰው እየተነሣ ወደ ቡናው አገር ይወርድ ጀመር። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ በኋላ ሰፋፊዎቹ እርሻዎች በመንግሥት እጅ ገቡ፤ ከሚዛን ተፈሪ ብዙ የማይርቀው የበበቃ እርሻ ብቻ 10,000 ሄክታር ያህል ስፋት ነበረው። የቴፒና የበበቃ እርሻዎች ከብዙ ዓመታት በኋላ ወደ ግል ይዞታ ተዛውረዋል። ከ1977ቱ ድርቅ በኋላም ከወሎና ከትግራይ የተነሡ ሰፋሪዎች በያኔዎቹ የካፋና የኢሉባቦር ክፍለ ሀገሮች ሰፈሩ።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ቁም ነገር አንድ ነው። በቡናው አገር ከተሞች የሚኖረው ሠራተኛ ብዙውን ጊዜ ዘመዱን ሌላ አገር ትቶ የመጣ ሰው ነው። ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲሞት የሚቀብረው ወገን የግድ ጎረቤትና የሥራ ባልደረባ ይሆናል።

ክርክር ወደ ጠረጴዛ ሲቀርብ

ቀድሞ በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ጠብ ሲነሣ የሚታየው በሽምግልና ወይም በፖሊስ ነበር። የ1948ቱ የተሻሻለ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 47 ኢትዮጵያዊ ሁሉ በመረጠው ሥራ የመሠማራትና ለዚሁ ዓላማ ማኅበር የማቋቋም መብት እንዳለው ቢደነግግም፣ መብቱን የሚያስፈጽም ሕግ ገና አልወጣም ነበር። በዚያን ጊዜ በየፋብሪካው ሠራተኞች የሚሰባሰቡት በመረዳጃ ማኅበር ስም ነበር። የመረዳጃው ሣጥን ለታመመና ለሞተ የሚሆን ገንዘብ ይያዝበት ነበር፤ ስለ ደመወዝም የሚመከረው በዚያው ሣጥን ዙሪያ ነበር። የኢትዮጵያ የሠራተኛ ማኅበር ከሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተወለደ ቢባል ከእውነቱ ብዙ አይርቅም።

እ.ኤ.አ. በ1962 የሠራተኛ ጉዳይ ድንጋጌ ቁጥር 49 ወጣ። በሚያዝያ 1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። በዚያው ዓመት ኢትዮጵያ ስለ መደራጀት ነፃነትና ስለ ኅብረት ድርድር የሚናገሩትን የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነቶች ቁጥር 87 እና 98 አጸደቀች። በጥቅምት 1956 ዓ.ም. ደግሞ አዋጅ ቁጥር 210 ድንጋጌውን ተክቶ የሠራተኛ ጉዳይ ቦርድን አጠናከረ። ከዚህ በኋላ ክርክር የሚቀርብበት ጠረጴዛ ተገኘ።

ጠረጴዛው ግን ለሁሉ አልነበረም። የመንግሥት ሠራተኞችና የቤት ሠራተኞች ከአዋጁ ውጪ ተደረጉ። አንድነት ማኅበሩ ከየካቲት 28 ቀን 1966 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያውን ጠቅላላ የሥራ ማቆም አድማ ሲያደርግ፣ የእንዳልካቸው መኰንን መንግሥት በጥቂት ቀናት ውስጥ ለመስማማት ተገደደ። ነገር ግን በዚያው አብዮት ማግሥት ማኅበሩ ፈረሰ፤ በታኅሣሥ 1968 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 64 ወጣ፤ በ1969 ዓ.ም. የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር ተቋቋመ። በዚህ ዘመን የሥራ ማቆም በር በተግባር ተዘጋ።

በሩ በሕግ እንደገና የተከፈተው በጥር 1985 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 42 ነው። እሱን አዋጅ ቁጥር 377/1996፣ እሱንም አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተክተውታል። በእነዚህ ሕጎች አሠራር መሠረት የአንድ ሠራተኛ የግል ክርክር ወደ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ይሄዳል። የወል ክርክር ደግሞ በመጀመሪያ በአስማሚ ይታያል፤ አስማሚው በ30 ቀን ውስጥ ሊያስማማ ካልቻለ ጉዳዩ ለአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ወሳኝ ቦርድ ይቀርባል። በቦርዱ ከሰብሳቢውና ስለ ሥራ ግንኙነት ዕውቀት ካላቸው ሁለት አባላት ጋር የሠራተኛ ማኅበራት ሁለት፣ አሠሪዎችም ሁለት ተወካዮች ይቀመጣሉ። አሠራሩ የሽምግልናን ልማድ ለሚያውቅ ኢትዮጵያዊ እንግዳ አይደለም፤ ከሁለቱም ወገን ሰው ተቀምጦ ያዳምጣል፣ በመካከል ያለው ይመዝናል።

የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ የት ቆመ?

ወደ ቦዩና ወደ ሦስቱ ሰዎች እንመለስ።

የውኃ ድርጅቱ ሠራተኛ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ ሊተዳደር ይችላል። ሆኖም ውኃ ማቅረብና ከተማ ማጽዳት፣ ከመብራት ኃይል፣ ከሆስፒታልና ከእሳት አደጋ ጋር እጅግ አስፈላጊ የሕዝብ አገልግሎቶች ተብለው በአዋጁ ስለተዘረዘሩ ሥራ ማቆም አይፈቀድለትም። በምትኩ የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም የወል ክርክሩ ወደ ጊዜያዊ ቦርድ ይቀርባል። ሕጉ አድማውን ሲወስድበት ዳኛ ሰጥቶታል ማለት ነው። የከተማ ሕዝብ ውኃ ሳያጣ፣ ሠራተኛውም ሰሚ ሳያጣ እንዲቀር የታሰበ ነው።

የማዘጋጃ ቤቱ ቋሚ ሠራተኛ በአንጻሩ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 የሥራ ጠባያቸው የሚፈቅድላቸውና ከተወሰነ የኃላፊነት ደረጃ በታች የሆኑ የመንግሥት ሠራተኞችም በማኅበር የመደራጀት መብት እንዳላቸው ቢያውጅም፣ ይህን በዝርዝር የሚያስፈጽም ሕግ እንደ ሌሎቹ ሠራተኞች አልተሟላም። ስለሆነም ሠራተኛው የሚቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ ቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ፣ ከዚያም ለአስተዳደር ፍርድ ቤት ነው። እዚያ የሚቀርበው ብቻውን ነው፤ የኅብረት ስምምነት የለውም።

ሦስተኛው፣ የጽዳት ማኅበሩ አባል፣ ከሁለቱም የባሰ ቦታ ላይ ይገኛል። በማኅበር ተደራጅቶ ከከተማው ጋር ውል የገባ እንጂ የተቀጠረ ስላልሆነ፣ በስም የራሱ አሠሪ ነው። ሲታመም የሕመም ፈቃድ የሚጠይቀው ከራሱ ነው።

ከሜምፊስ የተገኘ ትምህርት

የከተማ ጽዳት ሠራተኞች ክርክር ምን ያህል ሊከፋ እንደሚችል ከሚያሳዩት የዓለም ታሪኮች ዋነኛው በአሜሪካ በሜምፊስ ከተማ የተፈጸመው ነው። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1968 ኤኮል ኮልና ሮበርት ዎከር የተባሉ ሁለት የቆሻሻ ማንሻ ሠራተኞች ከዝናብ ለመጠለል መኪናው ውስጥ ገብተው ሳለ የመኪናው መጭመቂያ ገደላቸው። በሰዓት የሚከፈላቸው ሠራተኞች ስለነበሩ ቤተሰቦቻቸው የጉዳት ካሣ ዋስትና አልነበራቸውም። ከተማው የሰጠው የአንድ ወር ደመወዝና 500 ዶላር የቀብር ማስፈጸሚያ ብቻ ነበር። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 1,300 ያህል ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። ከንቲባው ማኅበራቸውን አላውቅም አለ። ሠራተኞቹን ለመደገፍ የመጣው ማርቲን ሉተር ኪንግ ኤፕሪል 4 ቀን እዚያው ከተማ ተገደለ። ስምምነት የተደረሰው የፌዴራሉ መንግሥት አስታራቂ ከላከ በኋላ ኤፕሪል 16 ቀን ነበር፤ ከተማው ማኅበሩን አወቀ፣ ደመወዝም ጨመረ።

ብዙ ሰው ይህን ታሪክ በኪንግ ሞት ያስታውሰዋል። መሐንዲስ ግን ጅማሬውንም ሊያስታውስ ይገባል። ጅማሬው የተበላሸ መሣሪያ፣ መጠለያ የሌለው የዝናብ ሥራና ለቀብር እንጂ ለሕይወት ያልተዘጋጀ ገንዘብ ነው። ክርክሩ በሁለት ወር ያህል ያለቀው ጠረጴዛ ስላልነበረ ነው፤ ጠረጴዛ ቢኖር ኖሮ በቀናት ሊያልቅ የሚችል ጉዳይ ነበር።

ወራት ተቆጥረው ሲያልቁ

አሁን ሕጉ ስለ ሕመም ምን እንደሚል እንመልከት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ መሠረት የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በሥራ ምክንያት ባልመጣ ሕመም ከሥራ ቢቀር በ12 ወር ውስጥ እስከ 6 ወር የሕመም ፈቃድ ያገኛል። የመጀመሪያው 1 ወር በሙሉ ደመወዝ፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት በግማሽ ደመወዝ፣ የመጨረሻዎቹ 3 ወራት ያለ ደመወዝ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ደግሞ በዓመት እስከ 8 ወር ይፈቅድ ነበር፤ 3ቱ በሙሉ፣ 3ቱ በግማሽ፣ 2ቱ ያለ ደመወዝ ነበሩ።

ሕመሙ በሥራ ምክንያት የመጣ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለወጣል። በ1996ቱ አዋጅ እንደተደነገገው የሕክምናው ወጪ በአሠሪው ነው፤ ክፍያውም እስከ አንድ ዓመት ይቀጥላል፦ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት 75 በመቶ፣ ለቀሩት 6 ወራት 50 በመቶ። ዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት ከሆነም የአምስት ዓመት ደመወዝ ያህል ካሣ ይታሰባል።

ልዩነቱ የሚፈጥረው ክርክር ግልጽ ነው። «ይህ ሰው የታመመው ከሥራው ነው ወይስ አይደለም?» የሚለው ጥያቄ ለአሠሪው የሒሳብ፣ ለሠራተኛው የኑሮ ጥያቄ ይሆናል። እግሩ በብረት የተቀጠቀጠ ሰው ማስረጃው እግሩ ነው። ለብዙ ዓመት በፍሳሽ ቦይ ውስጥ ቆሞ የሠራና በጉበት ወይም በሳንባ በሽታ የተያዘ ሰው ግን ማስረጃ ማቅረብ እጅግ ይከብደዋል። ክርክሩ ገና በምስክር ላይ ሳለ የሕመም ፈቃዱ ወራት ያልቃሉ። ከዚያም ጤናው ለዘለቄታው ሥራውን ስለማይፈቅድለት ውሉ በማስጠንቀቂያ ይቋረጣል፣ የስንብት ክፍያ ይሰጠዋል፣ ፋይሉ ይዘጋል። ሁሉም እንደ ሕጉ ተፈጽሟል፤ ሰውየው ግን በሕይወት አለ፣ ሥቃዩም አለ።

ሕግ አውጪው የተሳሳተ አይደለም። ወራት የተቆጠሩት ይድናል ተብሎ ለሚጠበቅ ሰው ነው። የማይድን ሰው በቁጥሩ ውስጥ አልታሰበም። መሐንዲሶች እንደሚያውቁት ብዙ መዋቅር የሚሰበረው በምሰሶው ወይም በወራጁ መካከል ሳይሆን ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። የሠራተኛ ሕግ የሚያበቃበትና የሕክምና እንክብካቤ የሚጀምርበት ቦታ እንዲህ ያለ መገጣጠሚያ ነው።

ከለንደን እስከ ካሊከት

የማይድንን ሕመምተኛ የመንከባከብ ዘመናዊ ሙያ የተጀመረው ይህንኑ ክፍተት በማስተዋል ነው። ሲስሊ ሳንደርስ የምትባለው እንግሊዛዊት መጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥሎ በሆስፒታል የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ፣ በመጨረሻም ሐኪም ሆናለች። እ.ኤ.አ. በ1967 በለንደን የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስን መሠረተች። «ሁለንተናዊ ሥቃይ» ብላ የሰየመችው አስተሳሰብ የሕመምተኛው ሥቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የአእምሮ፣ የመንፈስና የኑሮም መሆኑን ያስተምራል። የቤት ኪራይ ያልተከፈለበት ሰው ሕመሙ ይበረታል። ስለዚህ የደመወዝ ክርክር ከሥቃዩ ውጪ ያለ ጉዳይ ሳይሆን የሥቃዩ አንድ ክፍል ነው።

ከሆስፒሱ ቀጥሎ የቀን እንክብካቤ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1975 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በሚገኘው የቅዱስ ሉቃስ ሆስፒስ የመጀመሪያው የቀን ማዕከል ተከፈተ። ሕመምተኛው ጧት ይመጣል፤ ቁስሉ ይታጠባል፣ መድኃኒቱ ይስተካከላል፣ ከሰው ጋር ይበላል ይጫወታል፤ ማታ ወደ ቤቱ ይመለሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 ያወጣው ባለ ሦስት ደረጃ የሕመም ማስታገሻ አሰጣጥ መመሪያ ሞርፊን በአፍ መሰጠት እንደሚችል ስላስረዳ፣ እንክብካቤው ከሆስፒታል አልጋ ሊወጣ ቻለ። በኡጋንዳ እ.ኤ.አ. በ1993 የተቋቋመው ሆስፒስ አፍሪካ በአገር ውስጥ የተዘጋጀ ፈሳሽ ሞርፊን ለሕመምተኞች ቤት አደረሰ፤ በ2004 ልዩ ሥልጠና ያገኙ ነርሶች ሞርፊን እንዲያዙ በሕግ ተፈቀደ።

ለቡናው አገር ይበልጥ የሚቀርበው ግን የሕንዱ የኬረላ ክፍለ ግዛት ታሪክ ነው። በ1993 በካሊከት ሕክምና ኮሌጅ ዶክተር ራጃጎፓልና ዶክተር ሱሬሽ ኩማር ከባልደረቦቻቸው ጋር የሥቃይ ማስታገሻ ማኅበር መሠረቱ። ጥቂት ቆይቶም ሥራው ወደ ጎረቤቶች ወረደ። በሳምንት ሁለት ሰዓት ለመስጠት ፈቃደኛ የሆነ ማንኛውም ሰው ሠልጥኖ በሠፈሩ ያሉትን ጽኑ ሕመምተኞች ይጎበኛል፤ ሐኪምና ነርስ ከኋላው ይቆማሉ። ይህ የጎረቤት መረብ ከደረሰባቸው አውራጃዎች አንዱ ዋያናድ ሲሆን የኬረላ ቡና በብዛት የሚበቅልበት ተራራማ አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የክፍለ ግዛቱ መንግሥት ባወጣው ፖሊሲ የየአካባቢው ምክር ቤቶች በየጤና ጣቢያው የቤት ለቤት እንክብካቤ ነርስ እንዲኖር በጀት የሚይዙ ሆኑ። ማዘጋጃ ቤት መንገድና ውኃ እንደሚያቀርብ ሁሉ፣ የጽኑ ሕመምተኛ እንክብካቤም የአካባቢ አስተዳደር ሥራ ሆኖ ተቆጠረ ማለት ነው።

በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን መሥራችነት ሆስፒስ ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ሥራ ጀመረ። በ2016 ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር አገር አቀፍ የማስታገሻ እንክብካቤ መመሪያ አወጣ። ለረጅም ዓመታት በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ እንደነበር ይታወቃል። ከሚዛን ተፈሪ እስከዚያ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ያን ያህል ተጉዞ «አገርህ ግባ» የተባለ ሕመምተኛ ሲመለስ የሚጠብቀው ቤቱና ሠፈሩ ነው።

እድርና ዳኛው

በሠፈሩ የሚጠብቀው ነባር ተቋም እድር ነው። እድር በየወሩ መዋጮ ይሰበስባል፤ ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበርና የምግብ ዕቃ አለው፤ አባሉ ሲሞት ይቀብራል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ይቀመጣል። ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የመጨረሻ ዓመታት በአዲስ አበባ እድሮች ከማዘጋጃ ቤቱ ጋር ለልማት እንዲተባበሩ ሙከራ ተደርጎ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ግን የከተማው ነዋሪ ጉዳይ በቀበሌ ስለተያዘ፣ እድሮች ወደ ቀብር ሥራቸው ተመለሱ።

እድርን ከቀብር በፊት ወዳለው ጊዜ የሳበው የኤድስ ወረርሽኝ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንዳንድ እድሮች በወር ውስጥ የሚቀብሩት ሰው ብዛት ከሣጥናቸው አቅም በላይ ሆነ። በዚያን ጊዜ በአዲስ አበባ ሕይወት የተባለው የኤች አይ ቪ ኤድስ መከላከል፣ እንክብካቤና ድጋፍ ድርጅት ከእድሮች ጋር የቤት ለቤት እንክብካቤ አደራጀ። የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች የሚያውቁትን ጎረቤት ያጥቡ፣ ያጎርሱ፣ መድኃኒቱን ያስታውሱ ጀመር። በጥር 1997 ዓ.ም. የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ከጀመረ በኋላ ሞት ቀነሰ። የእድር አባል ለሕያው ጎረቤቱም ሊደርስ እንደሚችል ግን በተግባር ታይቶ ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር ሊዘነጋ አይገባም። የእድር መሪ በአማርኛ የሚጠራው «ዳኛ» ተብሎ ነው። ሥራው ቀብር ማስፈጸም ብቻ አይደለም፤ በአባላት መካከል ጠብ ሲነሣ ያያል፣ ያስታርቃል፣ መቀጫ ይጥላል። ማኅበር ማቋቋም ያልቻለው የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛም ብዙውን ጊዜ የመሥሪያ ቤት እድር አለው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሥራ ክርክርና የሕመም ጭንቀት በአንድ ሰው ጆሮ የሚሰሙት በዚህ እድር ነው። የቀድሞዎቹ የመረዳጃ ማኅበራት ሁለቱን ጉዳዮች በአንድ ሣጥን እንደያዙ ሁሉ፣ የመሥሪያ ቤት እድርም ዛሬ በዝምታ ያንኑ ይሠራል።

ከመሐንዲሱ ምን ይጠበቃል?

በከተማ ሥራ ላይ ያለ መሐንዲስ በሕግ ዓይን አብዛኛውን ጊዜ የሚቆመው በአሠሪው ወገን ነው። የሥራ ምደባ ይሰጣል፤ የቀረ ሠራተኛ ይመዘግባል፤ ስለ አደጋ ሪፖርት ይጽፋል። ስለሆነም ከላይ የተገለጸው ክፍተት በእጁ ካሉት ወረቀቶች ይጀምራል።

አንደኛ፣ ሠራተኛው የት፣ ለምን ያህል ዓመት፣ በምን ዓይነት ፍሳሽ ወይም አቧራ ውስጥ እንደሠራ የሚገልጽ መዝገብ በየጊዜው ቢያዝ፣ «ከሥራው ነው ወይስ አይደለም» የሚለው ክርክር ከዓመት ወደ ሳምንታት ሊያጥር ይችላል። መዝገቡ ለአሠሪውም ለሠራተኛውም እኩል ምስክር ነው።

ሁለተኛ፣ ሕጉ የሚወስነው ዝቅተኛውን ደረጃ ነው። የኅብረት ስምምነት ባለበት ድርጅት ከዚያ የተሻለ መስማማት አይከለከልም። የማይድን ሕመም በሐኪም ለተረጋገጠለት ሠራተኛ ቀላል ሥራ መስጠት፣ ያለ ደመወዝ የሚቆጠሩትን ወራት በከፊል መክፈል፣ የጡረታ ፋይሉን ሠራተኛው ሳይንከራተት ማስጨረስ በድርድር ጠረጴዛ ላይ ሊቀርቡ የሚገባቸው ነጥቦች ናቸው። ለጥቂት ሰዎች የሚሆን ስለሆነ ወጪው አነስተኛ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ነው። የቀን እንክብካቤ ትልቅ ሕንፃ አይጠይቅም። ከመንገድ ያልራቀ፣ ደረጃ የሌለው አንድ ክፍል ይበቃዋል። መግቢያው ለአንድ ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ተዳፋት፣ መያዣ ብረት ያለው መጸዳጃ፣ የማይቋረጥ ውኃና ለዝናብ አገር የሚሆን ሰፊ በረንዳ ያስፈልገዋል። የእድሩ ድንኳን ከለቅሶ ወደ ለቅሶ ባለው ጊዜ ተጠቅልሎ፣ አግዳሚዎቹም ተደርድረው ይቀመጣሉ። በሳምንት አንድ ቀን ቢዘረጉ ክፍሉ ተገኘ ማለት ነው። ነርሷ ከጤና ጣቢያ ትመጣለች፤ ቁስል ይታጠባል፤ መድኃኒት ይታያል፤ ጡረታውን የሚከታተል ሰው ማመልከቻ ይጽፋል። ቡናም ይፈላል፤ በዚህ አገር ሰው ለመሰባሰብ ከዚያ የተሻለ ጥሪ አያስፈልገውም።

ስለ አስታማሚውም ማሰብ ያሻል። ጽኑ ሕመምተኛ ባለበት ቤት ሚስት ወይም ሴት ልጅ ከአልጋው አጠገብ አትነሣም። በለቀማ ወራት፣ ቡናው ቀልቶ የቀን ገቢ በሚገኝበት ጊዜ፣ እሷ ቤት ትቀራለች። ስለዚህ ለሕመምተኛው የእንክብካቤ ቀን የሆነው ለአስታማሚዋ የሥራ ቀን ነው። ደመወዝ በተቋረጠበት ቤት ያ አንድ ቀን የሳምንቱ እህል ሊሆን ይችላል።

ማጠቃለያ

የሠራተኛ ክርክር ታሪክ የሚያስተምረው ሰሚ ጠረጴዛ ያጣ ጉዳይ መንገድ ላይ እንደሚወጣ ነው። የእንክብካቤ ታሪክ ደግሞ የሕመምተኛው ሥቃይ በመድኃኒት ብቻ እንደማይታገሥ ያስተምራል። ሁለቱን ለማገናኘት አዲስ ተቋም መፈልሰፍ አያስፈልግም። ቦርዱ አለ፣ ጤና ጣቢያው አለ፣ እድሩም አለ። የጎደለው፣ የመጀመሪያው ፋይሉን ሲዘጋ ለሚቀጥለው የሚያስረክብበት ሥርዓት ነው።

በሚዛን ተፈሪ ወይም በቴፒ ቦይ ላይ ከሚሠሩት ሦስት ሰዎች አንዱ በታመመ ጊዜ፣ በየትኛው አዋጅ እንደሚተዳደር ከመጠየቁ አስቀድሞ ማን እንደሚጎበኘው የሚጠይቅ አንድ አለቃ ቢኖር፣ ርክክቡ ከዚያ ሊጀመር ይችላል። ያ አለቃ ብዙ ጊዜ መሐንዲስ ነው።